የዱር እንጉዳይ ለጀማሪ፦ ከሚበላው በፊት የሚገድለውን ማወቅ

የእንጉዳይ ጥብስ የጾም ምግብ ዝርዝር ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ሱፐርማርኬት ይሸጣል፤ ቤታቸው ውስጥ በጭድ የሚያለሙትም ጥቂት አይደሉም። እሱ አያሳስብም። ምን እንደተዘራ ይታወቃል፣ የበቀለውም ያው የተዘራው ነው።

የዱሩ ግን ሌላ ነው። ክረምት ሲገባ ጫካ ዳር፣ ሣር ላይ፣ ኩይሳ ላይ ብቅ የሚለውን እንጉዳይ ብዙው ደገኛ «የጅብ ጥላ» ብሎ ያልፈዋል። በደቡብ ምዕራብ፣ ለምሳሌ በማጃንጎች ዘንድ፣ ለቅሞ መብላት የቆየ ዕውቀት ነው። ውጭ አገር የሚኖረው ወገን ደግሞ ጎረቤቱ ቅርጫት ይዞ ጫካ ገብቶ ሞልቶ ሲመለስ ያያል። ዩቲዩብም አለ። «እኔስ ምን ይጎድለኛል?» ማለት ይመጣል።

ምንም አይጎድልም፤ መማር ይቻላል። ችግሩ አጀማመሩ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ይበላል?» ብሎ ነው። እኔ ጥያቄው መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። የሚበሉት ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም ልወቅ ቢሉ ዕድሜ አይበቃም። ሰው የሚገድሉት ግን ጥቂት ናቸው። የእነሱን መልክ አሳምሮ የለየ ጀማሪ ትልቁን አደጋ አለፈ ማለት ነው።

ገዳዩ ማን ነው?

በዓለም ላይ በእንጉዳይ መርዝ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹን የገደለው አንድ ዝርያ ነው። የሳይንስ ስሙ አማኒታ ፋሎይድስ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ዴዝ ካፕ» ይሉታል። የአውሮፓ ተወላጅ ነው። ከዛፍ ሥር ጋር ተቆራኝቶ ስለሚኖር ሰዎች ችግኝ ከነአፈሩ ሲያጓጉዙ አብሯቸው ተጓዘ። ዛሬ ካሊፎርኒያም፣ አውስትራሊያም፣ ደቡብ አፍሪካም አለ። የኦክ ዛፍ ስር በተለይ ይስማማዋል። ጫካ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የከተማ መናፈሻ ውስጥና የመንገድ ዳር ዛፍ ስርም ይበቅላል።

መልኩ ያምራል። ቆቡ ከ5 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ቀለሙ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ነው፤ አንዳንዴ ይነጣል፣ አንዳንዴ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ከቆቡ ስር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ስስ ንጣፎች ነጭ ናቸው። እግሩ ላይ ስስ ቀለበት አለው። ዋናው ምልክት ግን ከላይ አይታይም። እግሩ የቆመው አፈር ውስጥ በተቀበረ ነጭ ከረጢት ውስጥ ነው። እንጉዳዩን ከመሬት በላይ በቢላ ቆርጦ የወሰደ ሰው ዋናውን ማስረጃ መሬት ውስጥ ትቶት ሄደ።

ነጭ ዘመድም አለው። አማኒታ ባይስፖሪጄራ የሚባለው በምሥራቅ አሜሪካ ጫካዎች ይበቅላል፤ ብዙ የኛ ሰው የሚኖርባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድም እዚያው ክልል ውስጥ ናቸው። ከቆቡ እስከ እግሩ ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ እንከን የለውም። መርዙ ያው ነው። ሦስተኛው ጋሌሪና ይባላል። ትንሽ፣ ቡናማ፣ የበሰበሰ ግንድ ላይ የሚወጣ፣ ሰው ልብ የማይለው ዓይነት ነው። እሱም ያንኑ መርዝ ይዟል። ስለዚህ ጀማሪ ትንንሽ ቡናማ እንጉዳዮችን በጅምላ ቢተዋቸው አይከስርም።

መርዙ አማቶክሲን ይባላል። የሚሠራው እንዲህ ነው። ሴል ፕሮቲን ለመሥራት በመጀመሪያ ከዲኤንኤ ላይ ትዕዛዙን መገልበጥ አለበት። አማቶክሲን የሚገለብጠውን ኢንዛይም ይዞ ያቆመዋል። ትዕዛዝ ከሌለ ፕሮቲን የለም፤ ፕሮቲን ከሌለ ሴሉ ይሞታል። ከሁሉ በላይ የሚመታው ጉበት ነው። ይባስ ብሎ ጉበት መርዙን ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ሲያወጣው አንጀት መልሶ ይመጠውና እንደገና ወደ ጉበት ይልከዋል። አንድ ትልቅ እንጉዳይ አዋቂ ሰው ለመግደል ይበቃል። መቀቀል፣ መጥበስ፣ ማድረቅ፣ ፍሪዘር ውስጥ መክተት አያጠፋውም። ጣዕሙም አያስጠነቅቅም፤ በልተው የተረፉ ሰዎች ይጣፍጥ እንደነበር ተናግረዋል።

በጣም ተንኮለኛው ነገር ግን ሰዓቱ ነው። ከተበላ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ 24 ሰዓት ድረስ ምንም ምልክት የለም። እራቱን የበላ ሰው ደህና ተኝቶ ያድራል። ከዚያ ትውከትና እንደ ውሃ የሚወርድ ተቅማጥ ይነሳል። አንድ ቀን አሠቃይቶ ይቀላል። በሽተኛው «ተሻለኝ» ይላል፣ ቤተሰብ ተመስገን ይላል። ጉበቱ ግን በዚያው ሰዓት እየሞተ ነው። ከሦስተኛው ቀን ወዲያ ዓይን ቢጫ ሲሆን ጉዳዩ ሐኪም ቤት ደርሶም ከባድ ነው።

ከዚህም የሚዘገይ አለ። ኮርቲናሪየስ ከሚባሉት አንዳንዶቹ ኩላሊት ያበላሻሉ፤ ምልክቱ የሚመጣው ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፖላንድ ውስጥ ከመቶ በላይ ሰዎች በዚህ ተመርዘው ምክንያቱ እንጉዳይ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ የፈጀው ለዚህ ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት የበላውን ማን ያስታውሳል?

አገር ቤት የሠለጠነ ዓይን

ከማያውቅ ሰው ይልቅ የሚያውቅ ሰው የሚሞትበት ጊዜ አለ። በትውልድ አገሩ እንጉዳይ ሲለቅም ያደገ ሰው ሌላ አገር ሄዶ የለመደውን የሚመስል ያገኛል። እጁ አያመነታም። ለዚህ ነው የስደተኞች ስም በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ የሚደጋገመው።

የእስያ ሰዎች የሚወዱት የሩዝ ገለባ እንጉዳይ አለ፤ ቮልቫሪየላ ይባላል። እሱም ከእግሩ ስር ከረጢት አለው። ልጅ ሆኖ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ከገዳዩ ለመለየት ያስቸግራል። ካሊፎርኒያና አውስትራሊያ ውስጥ ከእስያ የመጡ ሰዎች በዚህ መምታታት ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የፈረንጆች ዘመን መለወጫ ዋዜማ ካንቤራ ውስጥ አንድ ምግብ አብሳይ የለቀመውን እንጉዳይ አብስሎ ካቀረበ በኋላ እሱን ጨምሮ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ምግብ አብሳይ ነው፤ ስለ ምግብ አያውቅም የሚባል ሰው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን ብዙ ስደተኞች በተቀበለችበት መከር የሀኖቨር የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በእንጉዳይ የተመረዙ ሰዎች ሲበዙበት በበርካታ ቋንቋዎች የማስጠንቀቂያ ፖስተር አሠራ። ከስድስት ዓመት በኋላ ከአፍጋኒስታን ወጥተው ፖላንድ፣ ዋርሶ አቅራቢያ በስደተኞች ማዕከል ያረፉ ቤተሰቦች ከጫካ የለቀሙትን ሾርባ ሠርተው በሉ። ሁለት ሕፃናት ወንድማማቾች ሞቱ።

ስለዚህ «እኛ አገር እንዲህ ዓይነቱ ይበላል» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ሌላ አገር ላይ ግን ማስረጃ አይሆንም። በተገላቢጦሹም ያው ነው። አሜሪካ የተማረው ኮርስ ጅማ ጫካ ውስጥ አይሠራም።

እንዴት ይታያል?

አንድ ነገር ከያዛችሁ ሌላው ይከተላል። ምልክት የሚጠቅመው ለመጣል እንጂ ለመብላት አይደለም። አንድ ምልክት ካልገጠመ እንጉዳዩ ይጣላል፣ ክርክር የለም። አንድ ምልክት ስለገጠመ ግን አይበላም። ሁሉም መግጠም አለበት።

ከሥሩ ጀምሩ። ቢላውን ወይም ማንኪያውን ከጎን አስገብታችሁ ከነአፈሩ ፈንቅሉት። አፈሩን በጣት ቀስ ብላችሁ አራግፉ። ከረጢት ወይም የከረጢት ቅዳጅ ካለ ለጀማሪ ጨዋታው እዚያው አበቃ። አዎ፣ ከረጢት ያላቸው የሚበሉም አሉ። ይቅሩባችሁ።

ቀጥሎ ቆቡን ገልብጡ። ንጣፍ አለው ወይስ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ነው? ንጣፍ ካለው ቀለሙ ምንድን ነው? በሣር ሜዳ ላይ የሚበቅለውና የሱፐርማርኬቱ ነጭ እንጉዳይ ዘመድ የሆነው አጋሪከስ ንጣፉ ሐምራዊ ሮዝ ሆኖ ይጀምራል፣ ሲያረጅ ቸኮሌት ይመስላል። ነጭ ሆኖ የሚቀር ንጣፍ ያለው «አጋሪከስ» አጋሪከስ አይደለም። በዚያው ቤተሰብ ውስጥም አመለኛ አለ፦ የእግሩን ታች ስትቆርጡት ወዲያው ደማቅ ቢጫ የሚሆንና የቀለም ወይም የሆስፒታል ሽታ ያለው። አይገድልም፤ ሆድ ግን ያገላብጣል። አፍንጫችሁን ተጠቀሙበት።

እንቁላል የሚመስል ድቡልቡል ነጭ ነገር ካገኛችሁ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቁት። ይህን አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። የሚበላው ድቡልቡል እንጉዳይ ውስጡ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነጭ ነው፤ ምንም መስመር የለውም። ገና ያልተፈለቀቀ ገዳይ አማኒታ ከሆነ ግን ውስጡ የተኛ ትንሽ እንጉዳይ ይታያል። የቆቡ ቅስት፣ የንጣፉ ጥርስ፣ አጭሯ እግር፣ ሁሉም ተስሎ ተቀምጧል።

ከዚያ ቤት ገብታችሁ ስፖሩን እዩ። ስፖር ማለት እንጉዳይ እንደ ዘር የሚበትነው ብናኝ ነው። የበሰለውን ቆብ ከእግሩ ለዩና ንጣፉን ወደታች አድርጋችሁ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ብርጭቆ ድፉበት። ይደር። ጠዋት ቆቡን ስታነሱት ወረቀቱ ላይ የንጣፎቹ ቅርጽ በዱቄት ተስሎ ታገኛላችሁ። አማኒታ ነጭ ይተዋል። አጋሪከስ ጥቁር ቡናማ፣ ቮልቫሪየላ ሮዝ፣ ጋሌሪና ዝገት። የወረቀቱ ግማሽ ጥቁር የሆነው ነጩ ዱቄት በነጭ ላይ ስለማይታይ ነው።

ዱቄቱ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ያገኛችሁት ክሎሮፊለም ነው ማለት ይቻላል። ይሄ በአሜሪካ የግቢ ሣር ላይ በበጋ በቀለበት ተደርድሮ የሚወጣ፣ ነጭ፣ ትልቅ፣ ቡናማ ቅርፊት ያለበት እንጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰው በብዛት የሚመርዘው እሱ ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ያስመልሳል። ልጅ እያለ ንጣፉ ነጭ ስለሆነ አረንጓዴነቱ የሚታወቀው በወረቀቱ ላይ ነው።

የበቀለበት ቦታም ምስክር ነው። ከየትኛው ዛፍ ስር? ከግንድ ላይ ወይስ ከአፈር? የኛን የኩይሳ እንጉዳይ ውሰዱ። ምስጦች ያኘኩትን እንጨትና ቅጠል ጎጇቸው ውስጥ ከምረው በላዩ ላይ ፈንገስ ያለማሉ፤ ምግባቸው ነው። ዝናብ ሲጥል ያ ፈንገስ ወደ ላይ እንጉዳይ ይልካል። ተርሚቶማይስስ ይባላል፤ ከአፍሪካ እንጉዳዮች በጣም ከሚወደዱት አንዱ ነው። ዛምቢያ ውስጥ ቆቡ እስከ አንድ ሜትር የሚሰፋ ዓይነት አለ። መለያው ከመሬት በታች ነው። እግሩ አፈር ውስጥ አያልቅም። እየቀጠነ፣ እየረዘመ፣ እስከ ምስጡ ጎጆ ድረስ ይወርዳል። ከረጢት የለውም፤ ስፖሩም ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው። «ኩይሳ አጠገብ ነበር» ማለት ብቻውን ግን አይበቃም። ኩይሳ አጠገብ ሌላም ይበቅላል። ቆፍሮ ያንን ረጅም ሥር ማየት ያስፈልጋል።

የሚያሳስቱ ምክሮች

ከብት ወይም ጥንቸል ከበላው ለሰውም ይሆናል ይባላል። አይሆንም። ገዳዩን እንጉዳይ ቀንድ አውጣዎች በሰላም ይበሉታል። ትል ያለበት ደህና ነው የሚለውም ከዚህ አይሻልም። ሲበስል ነጭ ሽንኩርት ወይም የብር ማንኪያ ካጠቆረ መርዝ ነው የሚለው በብዙ አገር የሚነገር ነው፤ አማቶክሲን ብር አያጠቁርም። መርዛም እንጉዳይ ቀለሙ ደማቅ ነው ይላሉ፤ ነጩ አማኒታ ከሁሉም ነጭ ነው። እንጨት ላይ የበቀለ አይጎዳም ይላሉ፤ ጋሌሪና እንጨት ላይ ነው የሚበቅለው። አንድ አቋራጭ ሕግ ሁሉንም የሚፈታ ከመሰላችሁ ያንን ሕግ ጣሉት።

አዲሱ አቋራጭ ደግሞ ስልክ ነው። ፎቶ አንስቶ ስም የሚሰጥ መተግበሪያ ደስ ይላል፤ ለመማር መነሻ ይሆናል። እራት ለመወሰን ግን አይሆንም። አይሸትም፣ አይቆፍርም፣ ሥሩን አያይም። መጽሐፍም ተጠንቅቃችሁ ግዙ። እ.ኤ.አ. በ2023 የኒው ዮርክ የእንጉዳይ ማኅበር በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፉ የሚመስሉ የለቀማ መጻሕፍት በኢንተርኔት እየተሸጡ እንደሆነ አስጠንቅቆ ነበር። ደራሲው ማን እንደሆነ፣ ስለ የትኛው አገር እንደጻፈ ካልታወቀ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

የሚሻለው ሰው ነው። የዚያው አካባቢ ሰው። ጀርመን ውስጥ ሥልጠና የወሰዱ የእንጉዳይ አማካሪዎች አሉ፤ ቅርጫታችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ታስመረምራላችሁ። ፈረንሳይ ውስጥ ፋርማሲስቶች ይህን በትምህርታቸው ይማሩታል። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ከተሞች አባል ሆነው አብረው ጫካ የሚወጡባቸው ማኅበራት አሉ።

የመጀመሪያውን ዓመት ሳትበሉ ብታሳልፉት እመክራለሁ። ንኩት፣ አሽትቱት፣ ሰንጥቁት፣ ወረቀት ላይ አሳድሩት። መንካት አይመርዝም፤ መርዙ በቆዳ አይገባም። መብላት ሲመጣ ንጣፍ ከሌላቸው መጀመር ይሻላል። ከላይ ያነሳኋቸው ገዳዮች ሁሉም ንጣፍ አላቸው። ከቆባቸው ስር ስፖንጅ የሚመስሉት ውስጥም ሆድ የሚያበላሹ አሉ፤ ቢሆንም ስህተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ይለያያል። ቅርጫት ውስጥ ዓይነቱን አትደባልቁ። ፌስታል አትጠቀሙ፤ ያልበዋል፣ ይበሰብሳል። ጥሬውን አትብሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀምሱ ጥቂት ብቻ፣ አንድ ዓይነት ብቻ። አንዱን ሳታበስሉ በወረቀት ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ የሆነ ነገር ቢፈጠር ሐኪም የሚያየው እሱን ነው። ጠጅም ሆነ ቢራ በዚያ ሰሞን ይቅር። ሲያረጅ ወደ ጥቁር ቀለም የሚቀልጥ አንድ የሚበላ እንጉዳይ አለ፤ ብቻውን ምንም አይልም፣ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ግን ፊት ያቀላል፣ ልብ ያስመታል፣ ያስመልሳል። ከቀናት በኋላ ቢጠጣ እንኳን ሊነሳ ይችላል።

ተበልቶ ከሆነስ? ምልክት አትጠብቁ። አሜሪካ ያላችሁ 1-800-222-1222 ላይ ደውሉ፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ በነጻ ነው፣ አስተርጓሚም ይሰጣሉ። እስራኤል ያላችሁ ሐይፋ በሚገኘው ራምባም ሆስፒታል ያለውን የመርዝ መረጃ ማዕከል ጠይቁ። ሌላ ቦታ ያለ ሰው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ወተት ማጠጣት፣ በጨው ውሃ ማስመለስ ጊዜ ይገድላል። የተረፈውን ወጥ፣ የተጣለውን ልጣጭ፣ ያነሳችሁትን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያው ድስት የበላ ሁሉ፣ ደህና ነኝ ያለውም ጭምር፣ አብሮ ይሂድ።

ለሐኪሙ ቀድማችሁ የምትነግሩት ሁለት ነገር ነው፦ የዱር እንጉዳይ መበላቱንና የተበላበትን ሰዓት። ሕመሙ ከተበላ ከ6 ሰዓት በኋላ ከጀመረ፣ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አማቶክሲን እንደሆነ ተቆጥሮ ይታከማል። ፈሳሽ በደም ሥር፣ የሚዋጥ ከሰል፣ ጉበት የሚያግዝ መድኃኒት ይሰጣል፤ ከከፋ ጉበት እስከ መቀየር ይደርሳል። ተቅማጡ ቆመ ተብሎ ወደ ቤት መሄድ አይገባም። የጉበት ምርመራው ለተከታታይ ቀናት መደጋገም አለበት።